ከገል የተነሣው ጥቁር ሸክላ

ጥቁር ማሰሮ ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ። ብርሃን ሲያርፍበት እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፤ ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው የገዛ ፊቱን ያሳየዋል። በትከሻው ዙሪያ ቀንዳም የውሃ ዘንዶ ይጠማዘዛል። ዘንዶው ጥቁር ነው፤ የተሣለበትም ገላ ጥቁር ነው። ዓይን ሁለቱን ለይቶ የሚያያቸው አንዱ አብረቅራቂ፣ ሌላው ፈዛዛ ስለሆነ ነው።

ይህ ማሰሮ ወደ እሳት ሲገባ ቀይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ጥቁር ቀለም አልቀባውም፤ ጥላሸትም አልለቀለቀውም። ጥቁረቱን የሰጠው ራሱ እሳቱ ነው፤ ያውም ትንፋሹ በሰው እጅ የታፈነ እሳት።

የማሰሮው ባለሙያዎች ማሪያ ማርቲኔዝና ባለቤቷ ሁሊያን ይባላሉ። የመንደራቸው ስም ሳን ኢልደፎንሶ ነው። ማሪያ የሸክላ መንኮራኩርም ሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሳትነካ፣ በእጇ፣ በቅል ስባሪ፣ በወንዝ ጠጠርና በኩበት እሳት ብቻ ሠርታ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በዓለም ከታወቁት የሸክላ ጠቢባን አንዷ ሆናለች። የእሷን ሙያ ማወቅ ሸክላ የሚባለውን ነገር ሁሉ በአዲስ ዓይን ለማየት ይረዳል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንደሩ

ሳን ኢልደፎንሶ በዩናይትድ ስቴትስ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ከሳንታ ፌ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ አጠገብ ይገኛል። ነዋሪዎቹ ቴዋ የተባለውን ቋንቋ የሚናገሩ የምድሩ ቀደምት ባለቤቶች ናቸው። ስፔናውያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚያ ሲዘልቁ፣ በጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው የሚኖሩትን እነዚህን ሕዝቦች በራሳቸው ቋንቋ «ፑዌብሎ» አሏቸው፤ መንደር ማለት ነው። ስሙም በዚያው ጸና። ዛሬ በኒው ሜክሲኮ 19 የፑዌብሎ ማኅበረሰቦች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ አስተዳደር፣ የራሱ በዓልና የራሱ የሸክላ መልክ አለው።

ፑዌብሎዎች ሸክላ መሥራት ከጀመሩ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ውሃ የሚቀዳው በሸክላ፣ በቆሎ የሚቀመጠው በሸክላ፣ ወጥ የሚሠራው በሸክላ ነበር። ሙያው በአብዛኛው የሴቶች ሲሆን፣ ትምህርቱም የሚተላለፈው በማየት ነው፤ ልጅቷ ከእናቷ ወይም ከአክስቷ ጎን ተቀምጣ እጅ እጃቸውን ታያለች፤ ትንሽ ጭቃም ይሰጣታል። ከጋብቻዋ በፊት ማሪያ ሞንቶያ የምትባለው ማሪያ ማርቲኔዝም የተማረችው እንዲሁ ነው። የተወለደችው በ1887 ገደማ ሲሆን፣ ጭቃ ያስያዘቻት አክስቷ ኒኮላሳ ነበረች።

እሷ ስታድግ ግን ሙያው እየከሰመ ነበር። በ1880 የባቡር ሐዲድ ሳንታ ፌ አጠገብ ደርሶ ነበርና የቆርቆሮ ባልዲና የብረት ድስት በርካሽ መግባት ጀመረ። ጀሪካን በእኛ አገር እንስራን ከሴቶች ጀርባ እንዳወረደው ሁሉ፣ እዚያም ባልዲው የውሃውን ማሰሮ ከራስ ላይ አወረደው። ለምግብና ለውሃ መፈለጉ ሲቀር፣ ሸክላው በባቡር ለሚመጡ አገር ጎብኚዎች በሳንቲም የሚሸጥ ትንንሽ ማስታወሻ ወደ መሆን ወረደ። ቀጭኑን፣ ትልቁን፣ በጥንቃቄ የተሣለውን ሸክላ የሚሠሩ እጆች እያነሱ ሄዱ።

ማሪያ በ1904 ሁሊያን ማርቲኔዝን አገባች። ሙሽሮቹ በዚያው ዓመት ወደ ሴንት ሉዊስ የዓለም ትርኢት ተወስደው፣ በሕዝብ ፊት ሸክላ ይሠሩና ይጨፍሩ ነበር። የዘመኑ ትርኢት ሰውን ከነባህሉ እንደ ዕቃ የሚያስጎበኝ ነበር። ማሪያ ከዚያ ይዛ የተመለሰችው ነገር ግን ዕድሜዋን ሁሉ ጠቅሟታል፤ ሙያዋ ባዕድን ቆም አድርጎ እንደሚያሳይ ገና በወጣትነቷ አየች።

ገሉ

በአማርኛ «ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል» ይባላል። ለሌላው ደህና ዕቃ የሚያበጀው ሰው ራሱ በስባሪ ይበላል ማለት ነው። በሳን ኢልደፎንሶ የሆነው ታሪክ ይህን አባባል ገልብጦታል፤ መንደሩ በሙሉ እንጀራ ያገኘው ከገል ነው።

ከ1907 ጀምሮ ባሉት ዓመታት የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ኤድጋር ሂዌት ከመንደሩ ባሻገር ባለው የፓሃሪቶ አምባ ላይ የጥንት ፑዌብሎዎችን ፍርስራሽ ያስቆፍር ነበር። በቀን ሠራተኝነት ከተቀጠሩት የመንደሩ ወንዶች አንዱ ሁሊያን ነው። ከአፈሩ ሥር የጥንት ሸክላ ገሎች ይወጡ ጀመር። ሂዌት የማሪያን እጅ ያውቅ ነበርና ገሎቹን አሳይቶ፣ ሙሉው ዕቃ ምን ይመስል እንደነበር ሠርታ እንድታሳየው ጠየቃት።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ገል የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የግድግዳውን ውፍረት፣ የጭቃውን ቅንጣት፣ የሥዕሉን ጫፍ ብቻ ያሳያል። የአንገቱን ርዝመትና የሆዱን ስፋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዴት እንደተቃጠለ፣ ሠሪዋ ራሷ መልሳ መፈልሰፍ አለባት። ማሪያ ጭቃዋንና አሸዋዋን እየለዋወጠች ሞከረች። ሁሊያንም በገሎቹ ላይ ያለውን ሥዕል ያጠና ጀመር። ከ1909 በኋላ በሳንታ ፌ አዲስ የተቋቋመው የኒው ሜክሲኮ ሙዚየም ሁሊያንን ለጥበቃና ለጽዳት ሲቀጥረው፣ ቤተሰቡ ለጥቂት ዓመታት እዚያው ከተማ ተቀመጠ። ባልየው ከሥራው መካከል በመደርደሪያ ላይ ያሉትን የጥንት ዕቃዎች ሥዕል ይገለብጣል፤ ሚስቱ ደግሞ በግቢው ሸክላ እየሠራች ለጎብኚ ታሳያለች። ሳይንሱ ቆፍሮ ያወጣውን፣ የቆፋሪው ቤተሰብ በእጁ አስነሣው።

ጥቁሩ ሸክላ የመጣው ከዚህ ሙከራ ነው። እንደሚተረከው፣ ማሪያና ሁሊያን ከገሎቹ መካከል ጥቁሩን ለማስመሰል እሳቱን እያፈኑ ሲሞክሩ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች የተበላሹ መስለዋት ደብቃቸው ነበር። በኋላ እንግዶች አይተው ሌላም አለሽ ወይ እያሉ ጠየቋት። ያፈረችበት ነገር ስሟን አስጠራላት።

ጥቁር ሸክላን የፈጠረችው ማሪያ ናት ማለት ግን ስሕተት ነው። ጎረቤት የሆነው የሳንታ ክላራ ፑዌብሎ ሴቶች አብረቅራቂ ጥቁር ሸክላ ለትውልዶች ሲሠሩ ኖረዋል። የማርቲኔዞች አዲስ ነገር በ1919 እና 1920 ገደማ የተገኘው ነው፤ በሚያብረቀርቀው ጥቁር ላይ ፈዛዛ ጥቁር መሣል። ማሪያ ዕቃውን አብጅታ እስኪያብለጨልጭ ትወለውለዋለች፤ ሁሊያን ደግሞ በተወለወለው ገላ ላይ በለሰለሰ ቀጭን ጭቃ ይሥላል። ሲቃጠል ሁሉም ይጠቁራል፤ ጭቃው ያረፈበት ቦታ ግን ብርሃኑን አጥቶ ፈዝዞ ይቀራል። ከሥዕሎቹ ሁለቱ በተለይ ታወቁ። አንደኛው «አቫንዩ» የተባለው ቀንዳም የውሃ ዘንዶ ነው፤ በደረቅ ሸለቆ ድንገት እየተጠማዘዘ የሚመጣውን ጎርፍ ያስታውሳል። ሁለተኛው በሳህን ከንፈር ዙሪያ እንደ ፀሐይ ጨረር የተደረደረ የላባ ሥዕል ሲሆን፣ ሁሊያን ያገኘው ሚምብሬስ ከሚባሉት የጥንት ሸክላዎች ነው።

ጊዜው የመከራ ጊዜ ነበር። በእኛ አገር የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወሰው የ1918 ወረርሽኝ ሳን ኢልደፎንሶንም ክፉኛ ጎድቶ፣ አስቀድሞም ትንሽ የነበረውን መንደር አመናምኖት ነበር። እርሻው ሰው አጥቷል። ጥቁሩ ሸክላ የመጣው በዚህ ሰዓት ነው።

ጭቃው

ሥራው የሚጀምረው በጸሎት ነው። የሸክላ አፈር ከመቆፈሩ በፊት የተቀደሰ የበቆሎ ዱቄት ይበተናል፤ መሬት ከአካሏ ስለምትሰጥ ሳይለምኑ አይወሰድባትም። ይህ ለጎብኚ የሚደረግ ትዕይንት አይደለም። በፑዌብሎዎች ዘንድ ጭቃ በድን አይደለም፤ እናት ናት። ከእሷ የሚሠራውም ዕቃ ሆድ፣ አንገት፣ ከንፈር ያለው አካል ነው። እኛም በአማርኛ የሸክላን አፍ፣ አንገትና ሆድ ስንጠራ ከዚህ አስተሳሰብ እምብዛም አንርቅም።

አፈሩ ደርቆ ይነፋል፤ ከዚያ የእሳተ ገሞራ አመድ ከሆነ ደቃቅ አሸዋ ጋር ይደባለቃል። ንጹሕ የሸክላ አፈር ብቻውን ቢሆን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እሳት ሲነካውም ይፈነዳል። አሸዋው በጭቃው መካከል ገብቶ ውሃው የሚወጣበትን መንገድ ይከፍታል፤ ሙቀት ሲመጣም ገላው እንዳይጨነቅ ያደርጋል። መጠኑን የሚወስነው እጅ ነው፤ ማሪያ ሚዛን አልነበራትም።

ዕቃው የሚቆመው «ፑኪ» በሚባል ጎድጓዳ የሸክላ ማስቀመጫ ላይ ነው። መጀመሪያ ታችኛው ክፍል እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ በፑኪው ውስጥ ይደላደላል። ከዚያ ጭቃው በሁለት መዳፍ መካከል እየተድቦለቦለ እንደ ገመድ ይረዝማል፤ ገመዱ በጠርዙ ላይ ዙሪያውን ይነባበራል፤ መገጣጠሚያው በጣት ይታሸጋል። ሠሪዋ በግራ እጇ ፑኪውን እያዞረች በቀኟ በቅል ስባሪ ከውስጥና ከውጭ ትፍቀዋለች፤ ግድግዳው እየሳሳ ሆዱም እየሰፋ ይሄዳል። ሰዎች በማሪያ ሥራ ከሚደነቁባቸው ነገሮች አንዱ የቅርጹ ልክነት ነው፤ መንኮራኩር ሳይኖር ሚዛኑ አይዛባም።

ዕቃው ለቀናት ይደርቃል፤ ከዚያ ተፍቆ ይለሰልሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉም የከበደው፣ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። ብረት የበዛበት ቀይ ቀጭን ጭቃ በጨርቅ ገላው ላይ ይቀባል፤ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው በለስላሳ የወንዝ ጠጠር መወልወል ይጀመራል። ጠጠሩ የጭቃውን ቅንጣቶች አጋድሞ ያስተኛቸዋል፤ የተጋደሙት ቅንጣቶች ብርሃኑን በአንድ ላይ ስለሚመልሱ ገላው ያብለጨልጫል። ቅባትም ሆነ የመስታወት ልባጥ የለበትም። ሥራው ከተጀመረ አይቋረጥም፤ መሐል ላይ እጅ ካረፈ ጭቃው ይደርቅና መሥመር ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሁሉንም አጥቦ እንደገና መጀመር ነው። መወልወያ ጠጠር በቤተሰብ ውስጥ ከእናት ለልጅ እንደ ጌጥ የሚወረስ ሀብት የሆነው ስለዚህ ነው። ጠጠሩ የአያትን እጅ ልማድ ይዞ ይመጣል።

ሁሊያን በተራው ከዩካ ተክል ቅጠል በተሠራ ብሩሽ ይሥላል። በእርሳስ አይነድፍም፤ ሲሳሳትም የሚያጠፋበት መንገድ እምብዛም የለም።

እሳቱ

እሳት የሚነደው ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ነው። መሬቱ አስቀድሞ በእሳት ይደርቃል፤ ከሥሩ የሚወጣ እርጥበት ሸክላውን ይሰነጥቃልና። ዕቃዎቹ በብረት ፍርግርግ ላይ ተደፍተው ይደረደራሉ። በዙሪያቸውና በላያቸው የቆርቆሮ ቁርጥራጭ ይደረጋል፤ ነበልባሉ ገላቸውን በቀጥታ እንዳይልሰው ነው። ከሥር እንጨት ይገባል። ከዚያ ደረቅ የላም ኩበት እንደ ጡብ ዙሪያውን ይካባል፤ በላዩም ይደፈናል። ምድጃው ራሱ ማገዶ ነው፤ ዕቃውን ያቅፋል፤ ያቃጥላል፤ በመጨረሻም አመድ ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ይሠራል።

ኩበት ለምን ተመረጠ? የአገራችን ባልቴት መልሱን ታውቀዋለች፤ ኩበት ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ሙቀቱም የተስተካከለ ነው። የሙቀቱ መጠን 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ማሪያ ቴርሞሜትር አልነበራትም። የእሳቱን ቀለም፣ የጭሱን ጥቅጥቅነት፣ የኩበቱን ፍም እያየች ታውቀዋለች።

እዚህ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። እሳቱ አየር እያገኘ ነዶ ቢያልቅ ሸክላው ቀይ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ከተፈለገ ግን እሳቱ ጎልቶ በነደደበት ሰዓት የደቀቀ የፈረስ ፋንድያ ይጎርፍበታል። ፋንድያው እንደ ዱቄት ስለሆነ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ነበልባሉ ይሞታል፤ ጥቁር ጭስ በየቦታው ለመውጣት ይሞክራል፤ ጭስ በወጣበት ሁሉ ተጨማሪ ፋንድያና አመድ ይደረጋል። ውስጡ ግን እንደጋለ ነው።

በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቀይ አፈር የቀላው ብረት ከኦክስጅን ጋር ስለተዋሐደ ነው፤ የአፈሩ ቅላትና የምስማር ዝገት ዘመዳሞች ናቸው። የታፈነው እሳት ለመንደድ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ከውጭ ሲያጣ በሸክላው ገላ ላይ ካለው ዝገት ይነጥቃል። ኦክስጅኑን የተነጠቀው ብረት ከቀይነት ወደ ጥቁርነት ይለወጣል። ከዚያም በላይ የጭሱ ካርቦን በገላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ጥቁረቱ በላዩ የተለጠፈ ሳይሆን ከገላው ጋር የተዋሐደ ነው፤ በጣት ቢያሹት አይለቅም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሠሪዋ ምንም በማታይበት ሰዓት ነው። ሳምንታት የፈጀ ሥራ በፋንድያ ክምር ሥር ተቀብሯል። ፈጥና ካፈነችው በቅጡ አይበስልም፤ ከዘገየች ፋንድያው ሥራውን ሳይሠራ ሙቀቱ ይወርዳል። አንድ የነፋስ ሽውታ በቀዳዳ ቢገባ በጥቁሩ ላይ ግራጫ እድፍ ይቀራል። በጭቃው ውስጥ እርጥበት ተሸሽጎ ከቆየ ከክምሩ ሥር ዷ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የፈነዳው ዕቃ ስባሪም አጠገቡ ያሉትን ይመታል። ክምሩ ተከፍቶ ዕቃዎቹ በረጅም እንጨት ሲወጡ ገና አመድ የለበሱ ናቸው። ማሪያ በጨርቅ ስታብሳቸው ያኔ ነው መስተዋቱ የሚገለጠው።

እንዲህ ያለ እሳት የሚሰጠው ሸክላ ውሃ አይቋጥርም፤ ወጥም አይሠራበትም። ውሃ ቢቆምበት ወዙ ይበላሻል። ማሪያ ይህን አውቃ መረጠችው። ባልዲና ድስት ውሃ የመያዙንና የማብሰሉን ሥራ ከሸክላው ወስደውበታል፤ እሷም የቀረለትን ሥራ፣ መታየትን፣ እስከ ጥጉ አደረሰችው።

ስሙ

ጥንት የፑዌብሎ ሴት በሸክላዋ ላይ ስሟን አትጽፍም ነበር። ዕቃው የመንደሩ ነው፤ እጇንም ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ገዢዎቹ ግን ስም ፈለጉ። ስለዚህ ማሪያ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በዕቃው መቀመጫ ላይ ስሟን መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ ብቻዋን «ማሪ» ብላ፣ ጥቂት ቆይቶ «ማሪ እና ሁሊያን» ብላ ጻፈች። በ1943 ሁሊያን ሲሞት ሥዕሉን የልጇ ሚስት ሳንታና ያዘች፤ ስሙም «ማሪ እና ሳንታና» ሆነ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ከልጇ ከፖፖቪ ዳ ጋር ሠርታ የሁለቱን ስም አብራ አኖረች። የሸክላዎቿን መቀመጫ ገልብጦ ያነበበ ሰው የቤተሰቡን ታሪክ ያነባል፤ ማን እንደነበረ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተተካ።

ስሟ ዋጋ እንዳለው ባወቀች ጊዜ ያደረገችው ነገር ግን ከሥራዋ ሁሉ በላይ ማንነቷን ይናገራል። የመንደሯ ሴቶች የሠሩትን አምጥተው ስምሽን ጻፊልን ሲሏት ትጽፍላቸው ነበር፤ በእሷ ስም የተሻለ ይሸጥላቸዋልና። የሥነ ጥበብ ነጋዴ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ለእሱ ስም የአንድ ሰው ንብረት ነው። ለማሪያ ግን ጭቃው የጋራ፣ ኩበቱ የጋራ፣ ችግሩም የጋራ ነበር፤ ስሙ ብቻ የግል የሚሆንበትን ምክንያት አላየችም።

የጥቁሩንም ሸክላ ምሥጢር አልደበቀችም። ለእህቶቿ፣ ለልጆቿ ሚስቶች፣ ለጎረቤቶቿ አሳየች፤ ሁሊያንም ሥዕሉን ለሌሎች ወንዶች አሳየ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ብዙ የመንደሩ ቤተሰቦች ጥቁር ሸክላ ይሠሩ ጀመር። በ1922 በሳንታ ፌ የተጀመረውና እስከ ዛሬ በየዓመቱ የሚካሄደው የቀደምት ሕዝቦች የእጅ ሥራ ገበያም መሸጫ ሆነላቸው። ወረርሽኝ ያመናመነው መንደር በሸክላ ገቢ ቆመ።

ዝናዋ እየሰፋ ሄደ። በ1933 የቺካጎው፣ በ1939 የሳን ፍራንሲስኮው የዓለም ትርኢት ላይ ተገኝታ ሙያዋን አሳየች። በ1952 ታዋቂው እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች ከጃፓናውያኑ ከሾጂ ሃማዳና ከሶኤትሱ ያናጊ ጋር ሆኖ መንደሯ ድረስ መጥቶ አይቷታል። ሦስቱም የእጅ ሙያ ክብር በኢንዱስትሪ ዘመን እንዳይጠፋ የታገሉ ሰዎች ነበሩ። ማሪያ ሐምሌ 20 ቀን 1980 አረፈች። ልጇ ፖፖቪ ዳ፣ ከጥቁሩ በተጨማሪ ብዙ ቀለም ያለውን የቀድሞ ሸክላ መልሶ ያስነሣው ባለሙያ፣ በ1971 ቀድሟት ሞቶ ነበር። ሙያው ግን በልጅ ልጆቿና በእነሱ ልጆች እጅ ቀጥሏል።

እሳቱ የደረሰበት

የዚህ እሳት ወሬ አፍሪካም ደርሷል፤ ወይም አፍሪካ ወደ እሱ ሄዳለች ማለት ይሻላል። በ1950 ናይሮቢ የተወለደችው ማግዳሊን ኦዱንዶ በ1970ዎቹ ናይጄሪያ ሄዳ በአቡጃ የሸክላ ማዕከል ከእነ ላዲ ክዋሊ ሥር ተማረች። ላዲ ክዋሊ የግዋሪን ሴቶች የእጅ ሸክላ ለዓለም ያስተዋወቀች ባለሙያ ስትሆን፣ ምስሏ በናይጄሪያ የ20 ናይራ ብር ላይ ታትሟል። ኦዱንዶ ከዚያም ወደ ኒው ሜክሲኮ ተሻግራ የሳን ኢልደፎንሶን ጥቁር ሸክላ አሠራር አየች። ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች የሚገኙት የእሷ ዕቃዎች በእጅ የተገነቡ፣ በጠጠር የተወለወሉ፣ ልባጥ የሌላቸው ናቸው፤ አየር ሲያገኙ ብርቱካናማ፣ ሲነፈጉ ጥቁር ይሆናሉ።

እኛ ቤትም ይህ እሳት እንግዳ አይደለም። ብዙ ጀበናዎቻችን ጥቁረታቸውን ያገኙት ከጭስ ነው። ጭቃውን በእጅ ማነባበር፣ በጠጠር ማለስለስ፣ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ማቃጠል፣ ይህ ሁሉ በአዲስ አበባ ቀጨኔም፣ በጎንደር አጠገብ በወለቃም፣ በደቡብ መንደሮችም የሚታወቅ ሙያ ነው። የወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶች ይህን ሙያ ይዘው ዘመናት ኖረዋል።

ልዩነቱ ለሠሪዋ በሚሰጠው ቦታ ላይ ነው። በሳን ኢልደፎንሶ ሸክላ ሠሪ መሆን ነውር ሆኖ አያውቅም። በእኛ አገር ግን ምጣዷን ወስደን እንጀራ ጋግረን፣ ጀበናዋን ወስደን ቡና አፍልተን፣ እሷን ቡዳ ብለን ከማኅበራችን አርቀናታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ዘመኑ ሂዌት ማሪያን ገል ይዞ ያነጋገረበት ዘመን ገደማ ነው። ያ ገል ወደ ሥራ ተለወጠ፤ አዋጁ ግን በብዙ ቦታ ወረቀት ላይ ቀረ። ሸክላ ሠሪዎቻችን በዕውቀት ከማሪያ አላነሱም፤ የጎደላቸው ስማቸውን ጠይቆ የሚገዛ ሰው ነው።

የማሪያ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። አንድ ሙያ ከገል ተነሥቶ መቆም የሚችለው ሁለት ነገር ሲገናኙ ነው፤ የሚያውቅ እጅ ምሥጢሩን ለጎረቤቱ ሲያካፍል፣ የሚገዛ ሰውም የሠሪውን ስም ሲጠይቅ። አንዱ ብቻውን አይበቃም። ምሥጢሩ በአንድ ቤት ቢደበቅ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ ስም ከጠፋ ደግሞ ልጅ የእናቷን ሙያ ለመውረስ ታፍራለች።

ቡና ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ ጀበናውን ገልብጦ መቀመጫውን ማየት ይቻላል። ስም አይገኝበትም። በጭቃው ላይ የቀረ የጣት አሻራ ግን ሊገኝ ይችላል፤ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ መገጣጠሚያውን ስታሽግ የተወችው። ወደ ገበያ ሲወጣ ሻጯን ማን ሠራው ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።